«ፌርማታ»፣ «ተራ» እና «ወራጅ»፦ ስለ ከተማ መጓጓዣ ቃላት አፈታት

የአዲስ አበባን የመጓጓዣ ቃላት በመዝገበ ቃላት ለማስፈር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የቃላት ማነስ ሳይሆን የቃላት መብዛት ነው። ተሳፋሪ የሚሳፈርበትንና የሚወርድበትን ስፍራ ለመሰየም ብቻ «ፌርማታ»፣ «ማቆሚያ»፣ «ጣቢያ»፣ «መናኸሪያ» እና «ተራ» የሚሉ አምስት ቃላት አሉን። ተርጓሚዎች እነዚህን እንደ ተመሳሳይ ቆጥረው አንዱን በሌላው ሲተኩ እናያለን። ይህ በእኛ አስተያየት ስሕተት ነው፤ መንገደኛውንም አለቦታው ሊያስጠብቀው ይችላል።

«ፌርማታ» ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። አንዳንዶች በ«ማቆሚያ» እንዲተካ ይሻሉ፤ ቃሉ አገርኛ ነው፣ አመሠራረቱም የሰዋስው ሕግን የጠበቀ ነው። ይሁን እንጂ «ማቆሚያ» ከ«አቆመ» የወጣ በመሆኑ ባለመኪናው መኪናውን አቁሞ የሚሄድበትንም ስፍራ ይጠቀልላል። «እዚህ ማቆሚያ አይደለም» ተብሎ ቢጻፍ ክልከላው ለአውቶቡስ ነው ወይስ ለቤት መኪና? «ፌርማታ» ከዚህ አሻሚነት ነጻ ነው። «ታርጋ»ንና «ጎማ»ን ተቀብለን እርሱን በባዕድነቱ ብንገፋው ፍርደ ገምድል እንሆናለን። «ለገሃር»ማ ከነፈረንሳይኛ መስተአምሩ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል፤ በመነሻው ያለችው «ለ» የእኛ መስተዋድድ እንዳልሆነች ስንቱ ልብ ብሏል?

«መናኸሪያ» ለአገር አቋራጭ አውቶቡሶች የተለየ ነው። «ጣቢያ» ብቻውን ሲነገር ፖሊስን ስለሚያስታውስ፣ በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት ለጀመረው ቀላል ባቡር ሲሆን «የባቡር ጣቢያ» ተብሎ መሞላት ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «ተራ» ነው። «ሸማ ተራ» ስንል አንድ ዓይነት ሸቀጥ የሚሸጥበት የመርካቶ ክፍል ነው፤ «አውቶቡስ ተራ» እና «ታክሲ ተራ» ስንል መነሻና መድረሻ ስፍራ ነው፤ «ተራህን ጠብቅ» ስንል ደግሞ ቅደም ተከተል ነው። «ተራ አስከባሪ» ከየትኛው ይመደባል? ሰውየው የሚገኘው በታክሲ ተራ ስለሆነ የስፍራ ጠባቂ መስሎት የተረጎመ አይጠፋም። የሚያስከብረው ግን ስፍራውን ሳይሆን የታክሲዎቹን የመጫን ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ሐረጉ በሦስተኛው ፍች ሥር መግባት አለበት። «ተራ ሰው» የሚለውን ቅጽል በአራተኛ ፍች ለይተን እናስቀምጣለን።

«ወራጅ አለ» ሌላ ጉዳይ ያነሣል። ተሳፋሪው ስለ ራሱ ይናገራል፤ ግሡ ግን በሦስተኛ መደብ ነው። «እወርዳለሁ» ቢል ሐሳቡ ይገባል፤ ግን የታክሲ ቋንቋ አይሆንም። ልብ ወለድ የሚተረጉም ሰው ቃል በቃል «የሚወርድ ሰው አለ» ብሎ ቢያስቀምጠው የባዕድ አገር አንባቢ ተናጋሪው ስለ ሌላ ሰው የሚያስታውቅ ይመስለዋል። በመሆኑም መዝገበ ቃላቱ «ወራጅ»ን ከ«ወራጅ ውሃ» ጋር በአንድ ፍች አጨናንቆ ሊያልፈው አይገባም፤ ሐረጉ ራሱን ችሎ፣ ከነአገባቡ፣ ሊሰፍር ይገባዋል።

ስለ «ወያላ» የተለያየ አስተያየት አለን። ቃሉን የማያውቅ የከተማ ነዋሪ የለም፤ ነገር ግን ሥራውን የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ «ረዳት» መባልን ይመርጣል። ከመዝገብ ማስቀረቱ የሚነገረውን መካድ ይሆናል፤ ያለ ምልክት ማስገባቱም ተርጓሚውን በክብር ሊጠራው የሚገባውን ሰው እንዲያቃልል ይገፋዋል። የምንመርጠው «ረዳት»ን ዋና ቃል አድርጎ «ወያላ»ን «የንግግር፤ ሊያስቀይም ይችላል» ከሚል ምልክት ጋር ማስፈር ነው።