ፕሮግራማቸው የተቀየረ ባለ ቱርቦ ተሽከርካሪዎች ጉልበት ሲያጡ፦ ብልሽቱን ከምንጩ መለየት

በዳገት መሐል ከባድ መኪና ለመቅደም ወደ ግራ የወጣ ተሽከርካሪ ድንገት ጉልበት ቢያጣ፣ አሽከርካሪው ለመወሰን ያለው ጊዜ በሰከንዶች የሚቆጠር ነው። ቱርቦ በተገጠመላቸው የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ላይ እንዲህ ያለ ችግር ሲከሰት መንስኤውን ማግኘት ብዙውን ጊዜ ትዕግሥት ይጠይቃል። በተለምዶ «ሪማፕ» በሚባለው አሠራር የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተራቸው ፕሮግራም ተቀይሮ ጉልበት በተጨመረላቸው ላይ ደግሞ ሥራው ይበልጥ ይወሳሰባል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአገልግሎት ላይ ያሉት ተሽከርካሪዎች ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት ይጠበቅባቸዋል። በመሆኑም ደኅነኛ ቱርቦን ያለ በቂ ምርመራ አስወጥቶ በአዲስ መተካት ለባለንብረቱ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ ችግሩም ከነበረበት ላይነቃነቅ ይችላል።

ቱርቦ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ኃይል ተጠቅሞ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ መሠረታዊ ሐሳቡ አልተለወጠም። በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ባለ ክንፍ ጎማዎች አሉ፤ አንዱን ጭሱ ያሽከረክረዋል፣ ሌላው አየር ስቦ ያምቃል። የታመቀው አየር በኢንተርኩለር ቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ ይገባል። የግፊቱን መጠን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ሲሆን፣ በየቅጽበቱ የሚፈልገውን ግፊትና በሴንሰር የሚለካውን ትክክለኛ ግፊት እያነጻጸረ የቱርቦውን መቆጣጠሪያ ያዛል። ፕሮግራሙ ሲቀየር የሚፈለገው ግፊትና የሚረጨው ነዳጅ ከፍ ይላሉ፤ ቱቦው፣ ማሰሪያውና ቱርቦው ግን የቀድሞዎቹ ናቸው።

ከፍታ የሚጨምረው ጫና

ፕሮግራም የሚቀይሩ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙባቸው ፋይሎች በሌላ አገር፣ ለባሕር ወለል በቀረበ ከፍታ ላይ የተዘጋጁ ናቸው። በባሕር ወለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ይህም የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ማለት ነው። ፋብሪካው ያዘጋጀው ፕሮግራም 220 ኪሎ ፓስካል ጠቅላላ ግፊት ቢጠይቅ፣ ቱርቦው በባሕር ወለል ላይ አየሩን 2.2 ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 2.9 ጊዜ ማመቅ ይኖርበታል። የተቀየረው ፕሮግራም ይህንን ወደ 250 ከፍ ቢያደርገው፣ በባሕር ወለል 2.5 የነበረው እጥፍ በአዲስ አበባ 3.3 ይደርሳል። ልዩነቱን ለመሸፈን የቱርቦው ዘንግ ይበልጥ መፍጠን አለበት። በአነስተኛ ሞተሮች ላይ ያለ ቱርቦ በመደበኛ ሥራውም ቢሆን በደቂቃ ከ150,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ስለሚችል፣ የሚቀረው መጠባበቂያ ሰፊ አይደለም።

ፋብሪካዎች ለዚህ ሲሉ ከፍታ ሲጨምር የሚፈለገውን ግፊት የሚቀንስ ገደብ በፕሮግራሙ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ጉልበት ፍለጋ ይህ ገደብ ከተነሣ ወይም ከላላ፣ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ እስከ ደጀን የሚወጣ ተሽከርካሪ በሸለቆው ግርጌ በደንብ ሲሠራ ቆይቶ ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል። ቱርቦው አልተበላሸም፤ ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ ነው።

ከፍታ የምርመራ ስሕተትም ያስከትላል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ የግፊት ሴንሰሩ በስካነር ሲነበብ የሚያሳየው የአካባቢውን የከባቢ አየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል መነሻነት የተጻፉ መመሪያዎች 100 ገደማ ስለሚሉ፣ አዲስ አበባ ላይ 76 ያሳየ ሴንሰር «ተበላሽቷል» ተብሎ ሊጣል ይችላል፤ ነገር ግን ትክክለኛው ቁጥር ያ ነው። ይህ ንባብ ምንም ወጪ የሌለው የመጀመሪያ ፍተሻ በመሆኑ ሊዘለል አይገባም። የግፊት ሴንሰሩና የከባቢ አየር ሴንሰሩ በዚህ ሁኔታ ተቀራራቢ ቁጥር ካላሳዩ፣ ከዚያ በኋላ የሚነበበው ሁሉ አያስተማምንም።

ኮዱ ምን ይላል?

ግፊት ሲያንስ ብዙ ተሽከርካሪዎች ፒ 0299፣ ሲበዛ ደግሞ ፒ 0234 የተባለውን የብልሽት ኮድ ይመዘግባሉ፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል። ኮዱ ግፊቱ ከሚፈለገው በታች ወይም በላይ መሆኑን ይናገራል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ኮዱ ቱርቦን ስለጠቀሰ ብቻ ቱርቦው ይቀየር ማለት፣ ትኩሳት ያለበትን ሰው ቴርሞሜትር አይቶ ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንደማስገባት ነው።

መቅደም ያለበት በአነስተኛ ወጪ ሊታይ የሚችለው ነው፤ ይኸውም ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለው የአየር መስመር። የጎማ ቱቦዎች፣ ማሰሪያ ፋሸታዎችና ኢንተርኩለሩ ለረጅም ዓመታት የፋብሪካውን ግፊት ችለው ቆይተው ፕሮግራሙ ከተቀየረ በኋላ ሊያፈስሱ ይችላሉ። የተሰነጠቀ ቱቦ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ስንጥቁ ተገጥሞ ይቆይና ጭነት ሲበዛ ብቻ ይከፈታል፤ ስለዚህ ቦኔት ከፍቶ በቆመ ሞተር መመልከት አይበቃም። በጭነት ጊዜ የሚሰማ የፉጨት ድምፅ፣ በቱቦ መጋጠሚያ ላይ የሚታይ እርጥብ የዘይት ምልክትና ነዳጅ ሲሰጥ የሚወጣ ጥቁር ጭስ የማፍሰስ ምልክቶች ናቸው። እርግጠኛ ለመሆን የአየር ማስገቢያው ተደፍኖ መስመሩ በአነስተኛ ግፊት አየር ይሞላል፣ መጋጠሚያዎቹም በሳሙና ውኃ ይቀባሉ፤ የሚያፈስሰው ቦታ አረፋ ያወጣል።

የአየር ማጣሪያውም በአቧራማ መንገድ ለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው። በበርካታ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ደግሞ የቱርቦው መቆጣጠሪያ የሚንቀሳቀሰው በቫኪዩም በመሆኑ፣ የጣት ውፍረት እንኳ የሌላት ቀጭን ቱቦ ስትሰነጠቅ ሙሉ ጉልበት ይጠፋል። የመቆጣጠሪያው ዘንግ በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ሲሞከር ሳይንቀረፈፍና ሳይደናቀፍ መሄድ አለበት። መሐል ላይ የሚይዝ ከሆነ በቱርቦው ውስጥ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክንፎች በጥላሸት ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። የተደፈነ ማርሚታ ወይም የጭስ ማጣሪያ፣ እንዲሁም ተከፍቶ የቀረ የጭስ መመለሻ ቫልቭ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ።

ከዚህ በኋላ ተሽከርካሪው እየተነዳ የሚደረግ ምዝገባ ይከተላል። ጭር ባለ ዳገት ላይ፣ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ፣ ከዝቅተኛ የሞተር ዙር ጀምሮ ሙሉ ነዳጅ እየተሰጠ የሚፈለገው ግፊት፣ የተለካው ግፊትና ለመቆጣጠሪያው የተሰጠው ትእዛዝ በአንድነት ይመዘገባሉ። መሣሪያውን የሚይዘው ከአሽከርካሪው ሌላ ሰው መሆን ይኖርበታል። ትእዛዙ ጣሪያ ደርሶ የተለካው ግፊት ከተፈለገው በታች ከቀረ፣ ማፍሰስ፣ መጣበቅ ወይም የአቅም ማነስ አለ። ግፊቱ ከተፈለገው አልፎ ዘልሎ ከወጣ፣ ክንፎቹ ተዘግተው ቀርተዋል፣ አልያም ፕሮግራሙን የቀየረው ሰው የሚፈለገውን ግፊት ሲያሳድግ የመቆጣጠሪያውን ሥርዐት አብሮ አላስተካከለም። ሁለቱ ቁጥሮች ተስማምተው ሳለ ተሽከርካሪው ጉልበት ካነሰው ግን፣ ቱርቦውን ትቶ ወደ ነዳጅ መስመሩና ወደ ፍሪሲዮኑ መመልከት ይገባል።

በተቀየረ ፕሮግራም ምክንያት የሚመጡ መሰናክሎች

አንዳንድ የፋብሪካ ግፊት ሴንሰሮች ሊለኩ የሚችሉት እስከ 250 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው። ግፊቱ ከዚያ ካለፈ ንባቡ በአንድ ቁጥር ላይ ጠፍጣፋ መስመር ሠርቶ ይቆማል፤ ኮምፒውተሩም ከዚያ በላይ ያለውን አያይም። ከዚህ የከፋው የብልሽት ኮዶችን ከፕሮግራሙ መሰረዝ ነው። እንዲህ በተደረገበት ተሽከርካሪ ላይ በዳሽቦርዱ መብራት አለመብራቱ የጤንነት ማስረጃ አይሆንም፤ አሽከርካሪው ችግሩን የሚያውቀው መንገድ ላይ ጉልበት ሲያጣ ነው። ያገለገለ ተሽከርካሪ የሚገዙ ሰዎችም ይህንን ከግምት ማስገባት አለባቸው።

የፋብሪካውን ፕሮግራም መልሶ ጭኖ መሞከር ጠቃሚ ንጽጽር ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ በጥንቃቄ መተርጎም አለበት። ችግሩ በፋብሪካው ፕሮግራም ከጠፋ ጥፋቱ የተቀየረው ፋይል ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ ትንሽ የሚያፈስስ ቱቦ በዝቅተኛ ግፊት ቱርቦው ሊያካክሰው ስለሚችል ሳይታይ ይቀራል። ችግሩ በፋብሪካውም ፕሮግራም ከቀጠለ ግን ምርመራው ወደ አካላዊ ክፍሎቹ ያተኩራል። ለዚህ ሲባል ባለንብረቱ ፕሮግራሙ ከመቀየሩ በፊት የነበረውን ፋይል ቅጂ ተቀብሎ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ቱርቦው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ

ቱርቦው የሚፈረድበት ሌላው ሁሉ ነጻ ከወጣ በኋላ ነው። ዘንጉ በጣት ሲነቀነቅ ወደ ጎን ትንሽ መላወሱ በብዙ ዓይነት ቱርቦዎች የተለመደ ሲሆን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሰማ እንቅስቃሴ ወይም ክንፎቹ ግድግዳውን የነኩበት ምልክት ግን የመጎዳት ማስረጃ ነው። አዲስ ከመገጠሙ በፊት አሮጌው ለምን እንደተበላሸ መታወቅ አለበት። ዘይት የሚያመጣለት ቀጭን ቱቦ በተቃጠለ ዘይት ተደፍኖ ከነበረ፣ አዲሱም በተመሳሳይ መንገድ ይጠፋል።

ሰማያዊ ጭስና የዘይት መጉደል አብረው ሲታዩ ተሽከርካሪውን አቁሞ ማስጎተት ይመረጣል። የቱርቦው የዘይት መከላከያ ከተበጠሰ የናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ እያቃጠለ፣ ቁልፉ ቢዘጋም ሳይጠፋ ዙሩን እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። በእጅ ማርሽ በሚነዳ ተሽከርካሪ ላይ ይህ ከተከሰተ አሽከርካሪው ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ፣ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ሞተሩን ያንቃል። ይህ ካልተቻለ ሰዎችን ማራቅ ይቀድማል፤ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ማለት አደገኛ ነው። ሞተሩ ከቆመ በኋላም በኢንተርኩለሩና በቱቦዎቹ ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት ተቀድቶ ሳይጸዳ መልሶ ማስነሣት አይገባም።