የከባድ ሚዛን ተስፈኛ በምን ይታወቃል?



በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ በቡጢ ስፖርት፤ ይልቁንም በከባድ ሚዛን ተስፋ የሚጣልባቸው ወጣቶች እንዴት እንደሚመዘኑ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብሁ። ዋጃ የማሽላና የከብት አገር እንጂ የቡጢ አገር አይደለችምና፤ «ይህ ልጅ ይህን ነገር ከየት አመጣው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ለጽሑፉ ምክንያት የሆነኝን ነገር ልግለጽ።

ከክፍላችን ተማሪዎች አንዱ ቁመቱ ረዥም፤ ትከሻው ሰፊ፤ ጉልበቱም የታወቀ ነው። አምና ማሽላ ተወቅቶ በሚሸጥበት ወራት ከትምህርት በኋላ እህል በመጫን ይሠራ ነበር። አንድ ቀን እኛ ጓደኞቹ ልናየው ሄደን ሳለ ለጨዋታ ብለን በነጋዴው የእህል ሚዛን ላይ ብናቆመው 93 ኪሎ ሆነ። እኔ የቡጢ ወሬ በስልክ የምከታተል ነኝና፤ በባለሙያዎች ዘንድ ከባድ ሚዛን የሚባለው ከ90 ኪሎ ጥቂት ከፍ ብሎ እንደሚጀምር አውቅ ነበር። ስለዚህ «አንተ የተፈጠርኸው ለዓለም ሻምፒዮንነት ነው፤ ትምህርቱን ትተህ አዲስ አበባ ሂድ» አልሁት። ሌሎቹም ቃሌን ተቀበሉ። ጓደኛችን መጀመሪያ ሳቀ፤ በሳምንቱ ግን የአውቶቡሱን ዋጋ ይጠይቅ ጀመር።

ከመሄዱ በፊት እንፈትነው ብለን ያረጀ የቡጢ ጓንት ተውሰን 62 ኪሎ ከሚመዝን ልጅ ጋር በሜዳ ላይ አጋጠምነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ትንሹን ልጅ እያባረረ አስጨነቀው። በሁለተኛው ደቂቃ ትንፋሹ አጠረ። በሦስተኛው እጆቹ ወረዱ፤ አፍንጫው ላይ አንድ ጊዜ ቢመታም ፊቱን አዙሮ ቆመ። ሁላችንም ሳቅንበት። ከሁሉ ይልቅ የሳቅሁት ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነበርሁ። እርሱም ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ።

ማታ ነገሩን ለአያቴ ባጫውታቸው፤ «ወይፈኑን ሳትገራው ነው እንዴ የጠመድኸው? ታዲያ ጥፋቱ የወይፈኑ ነው የጠማጁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ታላላቅ ቡጢኞች የወጣትነት ዘመን ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብና ማየት ጀመርሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው የዚያ ፍሬ ነው። ዘመኑን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

መቼም ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከዚያ አምስት ቀን አስቀድሞ፤ ነሐሴ 30 ቀን፤ በዚያው ኦሎምፒክ ካሲየስ ክሌይ የተባለ የ18 ዓመት አሜሪካዊ በቡጢ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ኋላ መሐመድ ዓሊ የተባለው እርሱ ነው። አበበ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶክዮ ማራቶንን ሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን የከባድ ሚዛኑን ወርቅ ጆ ፍሬዘር ወሰደ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ማራቶንን ሲያሸንፍ፤ በዚያው ኦሎምፒክ የከባድ ሚዛኑ ባለ ወርቅ ጆርጅ ፎርማን ሆነ። እኛ በሯጮቻችን በተደሰትንባቸው በእነዚያ ሦስት ኦሎምፒኮች፤ በኋላ የዓለምን ከባድ ሚዛን የተፈራረቁበት ሦስቱ ሰዎች ገና ተስፈኞች ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ ወጣት ቡጢኛ እንዴት እንደሚመዘን ለመማር ከእነርሱ መነሣት ይገባል።

አያቴ ወይፈን ሲገዙ ቀንዱንና ሻኛውን ብቻ አይተው ገንዘብ አይከፍሉም። ጥርሱን ገልጠው ዕድሜውን ያያሉ፤ አስኪደው እግሩን ይመለከታሉ፤ ከገዙትም በኋላ ከለመደ በሬ ጋር አጣምደው መጀመሪያ በለስላሳ መሬት፤ ቆይተው በዋልካ መሬት ይሞክሩታል። የቡጢኛም አመዛዘን ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኔ በአምስት ከፍዬ አቀርበዋለሁ።

አንደኛው ዕድሜ ነው። በ18 ዓመት የሰው ሰውነት ገና አላለቀም። ክሌይ በሮማ የተጋጠመው በከባድ ሚዛን ሳይሆን እስከ 81 ኪሎ በሚፈቀድበት ክፍል ነበር፤ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው ሶኒ ሊስተንን ባሸነፈ ጊዜ በየካቲት 1956 ዓ.ም. ነው። ማይክ ታይሰን በኅዳር 1979 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የዚህ ክብር ከወጣቶች ሁሉ የመጨረሻው ወጣት ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ ስለሆነ ነው። በአንጻሩ ጆርጅ ፎርማን በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ሻምፒዮንነቱን መልሶ ሲወስድ 45 ዓመቱ ነበር። ከባድ ሚዛን ዘግይቶ የሚበስል ሚዛን ነው።

ሁለተኛው እግርና ትንፋሽ ነው። ብዙ ሰው ቡጢ ከክንድ የሚወጣ ይመስለዋል። ኃይሉ ግን ከመሬት ተነሥቶ በእግርና በወገብ አልፎ ነው ወደ ክንድ የሚደርሰው። ግዙፍ ሰው ደግሞ ተጋጣሚውን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ክብደት ይዞ ይዞራል። በእነዚያ ኦሎምፒኮች ግጥሚያው ባለ ሦስት ሦስት ደቂቃ 3 ዙር ብቻ ነበር፤ የባለሙያዎቹ የዓለም ሻምፒዮና ግን ያን ጊዜ 15 ዙር፤ ዛሬ 12 ዙር ነው። ስለዚህ ተስፈኛውን በመጀመሪያው ዙር ያየ ገና ግማሹንም አላየም። በጥቅምት 1967 ዓ.ም. በኪንሻሳ ከተማ ፎርማን መሐመድ ዓሊን በገመዱ ላይ አስደግፎ ዙር በዙር ደበደበው። ዓሊ እየተከላከለ ቆየ። የፎርማን ክንድ ሲደክምና ትንፋሹ ሲያልቅ፤ በስምንተኛው ዙር ዓሊ በዝረራ ጣለው። የእኛ ጓደኛ በሁለተኛው ደቂቃ ደከመ ብለን ሳቅንበት፤ የዓለሙ ሻምፒዮን ግን ሠልጥኖም ደክሞ ነበር።

ሦስተኛው የተጋጣሚዎቹ ማንነት ነው። ጋዜጦች «አንድም ጊዜ አልተሸነፈም» የሚለውን ቃል ይወዳሉ። ብልህ መዛኝ ግን «ያሸነፋቸው እነማን ናቸው? ዕድሜአቸው ስንት ነው? ከዚያ በፊት ምን ያህል ተደብድበዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ፎርማን ወደ ኪንሻሳ ሲሄድ 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40ውንም አሸንፎ ነበር። ሆኖም ከ40ዎቹ መካከል ረዥም ሌሊት ያሳዩት ጥቂቶች ነበሩ። ወይፈን በለስላሳ መሬት ብቻ ቢያርስ ዋልካው ምን እንደሚያደርገው አይታወቅም።

አራተኛው በተመታ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ነው። በሰኔ 1955 ዓ.ም. በለንደን ሄንሪ ኩፐር በአራተኛው ዙር ክሌይን በግራ እጁ መትቶ ጣለው። ክሌይ ተነሣ፤ በአምስተኛው ዙርም ግጥሚያውን አሸነፈ። ጆ ፍሬዘርም በቶክዮ ለፍጻሜው ሲቀርብ የአውራ ጣቱ አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ለዳኞች ሳይናገር ተጋጥሞ አሸነፈ። የሚመታውን ክንድ ሁሉም ያያል፤ የሚቀበለውን ልብ ግን ሳይመታ ማንም ሊያየው አይችልም።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ከሽንፈት በኋላ ያለው ኑሮው ነው። በቶክዮው ኦሎምፒክ አሜሪካ ልትልክ የነበረው ፍሬዘርን አልነበረም። በማጣሪያው ፍሬዘርን ያሸነፈው በስተር ማቲስ የተባለ እጅግ ግዙፍ ሰው ነበር። ማቲስ እጁ ስለ ተጎዳ ፍሬዘር በምትኩ ሄደ። በየካቲት 1960 ዓ.ም. ሁለቱ እንደገና ሲገናኙ ፍሬዘር በ11ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው። እንዲሁም በ1976 ዓ.ም. ሄንሪ ቲልማን ታይሰንን አሸንፎ በእርሱ ፋንታ ወደ ኦሎምፒክ ሄደ፤ ወርቅም አመጣ። በሰኔ 1982 ዓ.ም. ሲገናኙ ግን ታይሰን በመጀመሪያው ዙር ጣለው። በማጣሪያዎቹ ቀን የተመዘኑት ሰዎች ከዓመታት በኋላ ሚዛናቸው ተገለበጠ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ ግን የእንግሊዛዊው የዳንኤል ዱብዋ ታሪክ ነው። ዱብዋ ሳይሸነፍ የቆየ ትልቅ ተስፈኛ ነበር። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከጆ ጆይስ ጋር ሲጋጠም በ10ኛው ዙር ግራ ዓይኑ ላይ ተመትቶ ተንበረከከ፤ እስኪቆጠርበትም ድረስ አልተነሣም። ብዙ ሰዎች «ፈሪ ነው፤ ልብ የለውም» ብለው ተዘባበቱበት። ሐኪሞች ሲመረምሩት ግን በዓይኑ ዙሪያ ያለው አጥንት ተሰብሮ ተገኘ። ያው ሰው መስከረም 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በለንደን ብዙ ሺሕ ሕዝብ እያየው የቀድሞውን ሻምፒዮን አንቶኒ ጆሹዋን በአምስተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. በኦሌክሳንደር ኡሲክ ተሸንፏል፤ ቢሆንም ፈሪ የሚለው ስም ከላዩ ወድቋል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ፊቱን አዙሮ የቆመው ጓደኛችን ትዝ አለኝ።

እንግዲህ በእነዚህ በአምስቱ አንድ የዘመናችንን ወጣት እንመዝን። ሞሰስ ኢታውማ አባቱ ናይጄሪያዊ፤ እናቱ ስሎቫክ፤ ያደገው በእንግሊዝ ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ወደ ባለሙያዎች ገባ። ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በሪያድ ዲሊያን ዋይትን በመጀመሪያው ዙር ሲያሸንፍ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ግራኝ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው፤ እግሩ ያምራል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መመዘኛ እሰየው ያሰኛል። በሦስተኛው ግን፤ ዋይት ያን ጊዜ 37 ዓመት የሞላውና ብዙ ጦርነት ያለፈበት ሰው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስም ኢታውማ ከ6 ዙር አልፎ አልተጋጠመም፤ ሽንፈትም አልቀመሰም። ስለዚህ ከዚያ ሌሊት ተነሥቶ «ዓለምን ይገዛል» ያለ ሰው በለስላሳው መሬት ብቻ ፈርዷል። የታይሰንን የዕድሜ ክብር ለመውሰድ ተመኝቶ ነበር፤ ዕድሜው ግን ሳይሆንለት አለፈ። በእኔ አስተያየት ይህ ለእርሱ ጉዳት አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏልና።

ወላጆችን የሚያሳስበውንም ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም። በከባድ ሚዛን የአንድ ምት ኃይል አንጎልን በራስ ቅሉ ውስጥ ያናጋል። መሐመድ ዓሊ ቡጢ ካቆመ በኋላ እጁ በሚንቀጠቀጥ ንግግሩም በሚጎተት ሕመም ለብዙ ዓመታት ተሠቃይቶ በግንቦት 2008 ዓ.ም. ዐርፏል፤ በራሱ ላይ የተቀበላቸው ምቶች ለዚህ ሳይረዱ እንዳልቀሩ የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ወጣትን ያለ አሠልጣኝ፤ ያለ ሐኪም፤ ያለ እኩያ ተጋጣሚ ጓንት አልብሶ ማጋጨት ፈተና ሳይሆን በደል ነው። እኛ ያደረግነውም ይህንኑ ነበር፤ የተጎዳ ሰው ባለመኖሩ እግዚአብሔር ይመስገን።

በመጨረሻ ስለ ጓደኛችን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም «እኔን የከፋኝ መመታቱ አይደለም፤ ሻምፒዮን ነህ ያልኸኝ አንተ፤ ፊተኛው ሳቂም አንተ መሆንህ ነው» አለኝ። ይህን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም። አዲስ አበባ መሄዱን ትቶ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ተመዝግቧል። ንጋት ላይ በአስፋልቱ ዳር ይሮጣል፤ ማታ ማታ በገመድ ይዘላል። እኔም አብሬው እሮጣለሁ፤ ሁልጊዜም የሚቀድመኝ እርሱ ነው። ቡጢኛ ይሁን ሌላ ሰው፤ ያንን የሚቆርጠው እርሱ ራሱ ነው። ፈተናውን ጨርሶ ልቡ ካልተለወጠ ግን፤ አሠልጣኝና ሐኪም ወዳለበት ቦታ አብሬው እንደምሄድ ቃል ገብቼለታለሁ።

የእህል ሚዛን 93 ኪሎ መሆኑን በትክክል ነግሮናል። ከዚያ በላይ ያለውን እንዲነግረን የጠየቅነው እኛ ነን። ውድ ጓደኞቼ፤ በሩጫም ሆነ በቡጢ፤ በትምህርትም ቢሆን፤ አንዱን ባልንጀራችንን ከማንገሣችን ወይም ከመሳቃችን በፊት ጥቂት ዙር እንጠብቀው።