ሲጋራ ሲቆም ቡናውም ይቀነስ

ወልቂጤ ውስጥ ሲጋራ ያቆመ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ቡና ጠጣበት» የሚል ነው። በቅን ልብ የሚሰጥ፣ ግን የሚጎዳ ምክር ነው። እኔ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ያቆምኩ ሰሞን እጄ እየተንቀጠቀጠ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃተኝ። ቡና የሚያፈሉት ጎረቤቴ፣ እትዬ የምላቸው ሴት፣ አዝነው «በል ይቺን ቶና ድገማት» ይሉኛል። እደግማለሁ። ልቤ ይመታል፤ ሌሊቱን ሳላሸልብ አነጋለሁ፤ ጠዋት ደንበኛ ላይ እጮሃለሁ።

ነገሩን ያስረዳችኝ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ነርስ ነች። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጉታል። ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ነው። አጫሽ ቡና የሚችለው ለዚህ ነው። ሲያቆም ጉበቱ በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ያው የለመደው አቦልና ቶና ደሙ ውስጥ እጥፍ ያህል ካፌይን ሊያቆይ ይችላል። መንቀጥቀጡን፣ ንጭንጩንና እንቅልፍ ማጣቱን ሁሉ ግን ሰውየው «ሐራራ ነው» ብሎ ሲጋራ ማጣቱ ላይ ይለጥፈዋል። «ጋሼ፣ ቡናህን በግማሽ ቀንስ» አለችኝ። ቀነስኩ። ሐራራው አልጠፋም፤ እንቅልፌ ግን ተመለሰ።

ሐራራው ራሱ እንዲህ ነው። ኒኮቲን በተሳበ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ በሁለት ሰዓት ገደማ ደግሞ ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ይወርዳል። አንጎል የለመደውን ሲያጣ ያኮርፋል፤ መቁነጥነጥ፣ ቁጣ፣ ድብርት፣ ሐሳብ መበታተን፣ ረሃብ ይመጣል። በሰዓታት ውስጥ ይጀምርና ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ ይከፋል፤ ከዚያ በሦስትና በአራት ሳምንት እየለዘበ ይሄዳል። አንዱ የአምሮት ማዕበል ግን ብዙውን ጊዜ ደቂቃዎች እንጂ ሰዓት አይቆይም። እኔ ያን ጊዜ የማሳልፈው በከሰል ካውያ ነበር፤ አንድ ሱሪ ተኩሼ እስክጨርስ ያልፋል።

በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን ትንባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ለሚያቆም ሰው ግን ሌላም ትርጉም አለው፤ ቤተሰቡ ውስጥ የሲጋራ ሐራራን የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ሚስቴ ጂኒ የያዘኝ መስሏት ነበር።

የእኛ አገር ሰው ብዙ ጊዜ ሲጋራውን ለብቻው አያጨስም፤ ከበርጫ ጋር እንጂ። ጉራጌ ጫት አብቃይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው ምርቃናው ሲመጣ አንዱን ከአንዱ እየለኮሰ ሲያጨስ ያመሻል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሰው በሚሰበሰብበት ዝግ ቦታ ማጨስን ከልክሏል፤ የበርጫ ክፍሎች ግን አዋጁን የሰሙ አይመስሉም። ጠዋት ምሎ ያቆመ ስንቱ ከሰዓት እዚያ ጭስ ውስጥ ይፈታል! በኔ ግምት የመጀመሪያውን ወር ከበርጫ ያልራቀ ሰው ሲጋራ አቆምኩ ባይል ይሻላል። ጫቱንም አብሮ የሚተው ካለ ዱካኩም አብሮ ስለሚመጣበት፣ ቢያንስ የትኛው ከየት እንደመጣ ይወቀው።

ረመዳን ላይ አንድ ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ ሲጋራ ሳይነካ፣ እምብዛም ሳይጨነቅ ይውላል። አዛን እንደተባለ ግን ከቴምሩ በፊት እጁ ወደ ኪሱ ይገባል። ኒኮቲኑ ከሰውነቱ እየወጣ የዋለው ከጎህ ጀምሮ ነው፤ አምሮቱ የሚነሳው ግን «አሁን ይፈቀዳል» ሲባል ነው። ስለዚህ ሰዓቱንና ቦታውን መቀየር ከጉልበት በላይ ይሠራል። እኔ ምሳ በልቼ ሱቅ ደጃፍ መቆሜን ትቼ ወዲያው ማሽኑ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ።

ብቻውን ያልቻለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ፤ በተለይ የልብ ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች በራሳቸው መድኃኒት አይጀምሩ። በቆዳ ላይ የሚለጠፈውና የሚታኘከው የኒኮቲን ምትክ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የሚታኘከውን ሰው እንደ ማስቲካ እያላመጠ ያበላሸዋል። አሠራሩ ለኛ ሰው ቀላል ነው፤ ጥቂት አኝኮ ምላስ ላይ ሲያቃጥል እንደ ጫት ጉንጭ ውስጥ ማቆየት፣ ሲደበዝዝ እንደገና ማኘክ። ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩል ስለሆነ ቡና ወይም ለስላሳ ከጠጡ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል መቆየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በደንብ አይሠራም። ለእትዬም ቡናዬን እንደቀነስኩ ነግሬያቸዋለሁ፤ አቦሉን ብቻ ይቀዱልኛል፣ ቅር እያላቸውም ቢሆን።