የጨንቻ ዳገትና የግፊት መለኪያው መርፌ

ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ የሚወጣ አሽከርካሪ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። መኪናው ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ከሆነ፣ ዳገቱን በወጣ ቁጥር የአየር ግፊት መለኪያው ወይም በተለምዶ “ቡስት ጌጅ” የሚባለው መርፌ ዝቅ እያለ ይሄዳል። “ሱፐርቻርጀሩ ሞተ” ብሎ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሮጥ ግን ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል።

ለመሆኑ ጌጁ የሚለካው ምንድን ነው? አብዛኞቹ ጌጆች የሚያሳዩት ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ዜሮ ማለት የውስጡና የውጭው እኩል ናቸው ማለት ነው።

የውጭው አየር ግፊት በአርባ ምንጭ 0.87 ባር፣ በጨንቻ ደግሞ 0.73 ባር ገደማ ነው። በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ሱፐርቻርጀር ያገኘውን አየር 1.5 ጊዜ ያህል ያጭቃል እንበል። አርባ ምንጭ ላይ ጌጁ 0.43፣ ጨንቻ ላይ ግን 0.36 ባር ገደማ ያነባል። ሱፐርቻርጀሩ ጤነኛ ነው፤ የሳሳው አየሩ ነው።

ቱርቦ ያላቸው መኪኖች ሁኔታ ይለያል። ቱርቦ የሚዞረው በጭስ ኃይል በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ፍጥነቱን ጨምሮ መርፌውን ባለበት ሊያቆየው ይችላል። ሆኖም ያው ንባብ ጨንቻ ላይ የሚያመለክተው ከአርባ ምንጩ ያነሰ አየር ነው። መርፌው ሳይወርድ ጉልበት ሊቀንስ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ብልሽት በምን ይታወቃል? በአንድ ቦታ፣ በአንድ ማርሽና በተመሳሳይ የሞተር ዙር፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠው የሚያገኙትን ቁጥር ይመዝግቡ። እዚያው ቦታ ላይ ንባቡ ከቀድሞው ከወረደ የላላ ቺንጋ፣ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ወይም የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ሊኖር ይችላል። እነዚህ ከሱፐርቻርጀሩ ቀድመው ሊታዩ ይገባል።

የመርፌው ከልክ በላይ መውጣትም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። በሱፐርቻርጀር ሞተር ላይ የጭስ መውጫው ሲደፈን አየሩ መሄጃ አጥቶ ስለሚጠራቀም ንባቡ ይጨምራል፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን መኪናው የቆመበትንም ከፍታ አብረው ያንብቡ።