የኮምፒዩተርን በሮች ስለ መቍጠር

ነጋዴ መጋዘኑን ለዘበኛ ከማስረከቡ አስቀድሞ በሮቹን ይቈጥራል። የኮምፒዩተሩን ሥራ ሁሉ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ከርነል የሚባለው፣ ሲመረመርም ከዚሁ መጀመር ይገባል። ፈዚንግ የተሰኘው ምርመራ የተዘበራረቀ መረጃ ያለማቋረጥ እያስገባ ከርነሉ የሚሰናከልበትን ስፍራ ይፈልጋል፤ የውጭ ሰው በማይደርስበት በኩል ቢደክም ግን ትርፉ ጥቂት ነው።

ዋናው በር ፕሮግራሞች ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቁበት ጥሪ ነው። በሊኑክስ እነዚህ ጥሪዎች ከ300 ይበልጣሉ። ቍጥሩ ግን ያታልላል፤ አዮክትል የተባለው አንዱ ጥሪ ለየመሣሪያው ልዩ ልዩ ትእዛዝ ስለሚያደርስ፣ ከጀርባው እጅግ ብዙ ትናንሽ በሮች አሉት። የጎግል መሐንዲሶች ያዘጋጁት ሲዝካለር የተባለው መርማሪ እንኳ የየትእዛዙ መልክ በዝርዝር ተጽፎ ካልተሰጠው እነዚህን በሚገባ አይደርስባቸውም።

በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃና ሆን ተብሎ የተበላሸ ዲስክም በሮች ናቸው። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የኔትወርኩ ነው፤ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ይገባበታልና። በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም የገባው በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ በሚሠራው አሮጌ የፋይል መጋሪያ አገልግሎት በኩል ነበር። ማይክሮሶፍት ማረሚያውን በመጋቢት አውጥቶ ነበር፤ ሆኖም ብዙዎች ስላልጫኑት የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኞችን መለሱ፣ የሬኖ መኪና ፋብሪካዎችም ከፊሎቹ ሥራ አቆሙ።