ልዩነት መቼ ይደመጣል? በቡድን ውስጥ የሚነሣ የሐሳብ ግጭትና የመሪው ድርሻ



ለዛሬው ርእሳችን ምሳሌ ፍለጋ ከሰበታ መራቅ አያስፈልገንም። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ከዋና ከተማዋ ጋር በአንድ ዕቅድ ለማስተሳሰር የተዘጋጀ ነበር። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በአደባባይ የሆነውን ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የተነሣውን ተቃውሞ፣ በኅዳር 2008 እንደገና መቀጣጠሉን፣ የጠፋውን የሰው ሕይወት፣ በጥር 2008 ደግሞ ኦሕዴድ ዕቅዱ እንዲቆም መወሰኑን። እኔ ላተኩርበት የምሻው ግን በአዳራሽ ውስጥ የሆነውን ነው።

በ2006 ዓ.ም. ዕቅዱ አዳማ ላይ ለክልሉ አመራሮች ሲቀርብ የድርጅቱ አባላት ራሳቸው በግልጽ ተቃወሙት፤ ንግግራቸውም በክልሉ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ተናጋሪዎቹ ተቀናቃኝ ፓርቲ አልነበሩም፤ የቡድኑ አካል ነበሩ። የገበሬው መፈናቀልና የክልሉ ሥልጣን ያሳስባቸው ነበር። በእኔ ግምገማ ችግሩ የልዩነቱ መኖር ሳይሆን የተደመጠበት ጊዜ ነው። ሰነዱ ከተሰናዳ በኋላ አስተያየት የተጠየቀ ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርለታል፤ ማጨብጨብ ወይም ማመፅ። ማሻሻል የሚባለው ሦስተኛው መንገድ ተዘግቷል።

ጊዜውን ማስተካከል እንደሚቻል የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1961 ኩባን በተመለከተ ባደረጉት ምክክር፣ ጥርጣሬ የነበራቸው አማካሪዎች በስብሰባው ዝም አሉ፤ ወረራውም ከሸፈ። በ1962 የሚሳኤሉ ቀውስ ሲመጣ አሠራሩ ተለወጠ። ፕሬዚዳንቱ ከአንዳንድ ስብሰባዎች ሆን ብለው ቀሩ፤ አለቃ በሌለበት አንደበት ይፈታልና። አማካሪዎቹም በቡድን ተከፍለው፣ ገሚሱ የአየር ድብደባን ገሚሱ የባሕር እገዳን ደግፈው ጻፉ፤ ከዚያም ጽሑፋቸውን ተለዋውጠው አንዱ የሌላውን ነቀፈ። ልብ በሉ፤ የተነቀፈው ወረቀቱ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ይህን በየትኛውም የትምህርት ክፍል ጉባኤ መሞከር ይቻላል፤ ወጪው ሁለት ገጽ ወረቀትና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሆኖም ክርክር ሁልጊዜ ይጠቅማል አልልም። ካረን ጄን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመችው ጥናት፣ በሥራ ይዘት ላይ የሚደረግ ሙግት በተለመደና በተደጋጋሚ ሥራ ላይ ጎጂ ሆኖ አግኝታዋለች። የደመወዝ መክፈያ ቅጽ በየወሩ አያከራክርም።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። የአዳማው ልዩነት የሐሳብ ብቻ አልነበረም፤ የመሬት፣ ማለትም የኑሮ ጉዳይ ነበር። ስብሰባን በብልኃት የሚመራ ሰው ሐሳብን ከሐሳብ ያስታርቃል፤ የሰበታን ገበሬ ግን በአዳራሹ ወንበር ካልሰጠው በስሙ የሚደረስ ስምምነት አይጸናም። በ2015 ዓ.ም. እነዚሁ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከእናንተ መካከል ነገ በዚያ አስተዳደር በዕቅድ ክፍል የምትሠሩ ትኖራላችሁ፤ ስለዚህ በጥያቄው ጊዜ ከዚህ ብንጀምር እወዳለሁ፤ ረቂቁ ገና በእርሳስ ሳለ ማንን ትጠራላችሁ?