የትምህርት ቤቱ ወሰን አልጋው ጋ ያልቃል

ጠጋ በሉ፤ ይህ በስብሰባ የሚነሳ ወሬ አይደለም። በደቡብ ኦሞ ዞን «ትምህርት ቤቱ የሚያገለግለው ከዚህ ቀበሌ እስከዚያ ቀበሌ ነው» የሚል ቅጽ ሲሞላ አጠገቡ የተቀመጥን ሰዎች የምናውቀው፣ ቅጹ ግን የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ። የአርቦሬ ልጅ ስንተኛ ክፍል ድረስ እንደሚዘልቅ የሚወስነው ማታ የሚያድርበት ቤት ነው። የመምህሩም ጉዳይ ያው ነው። ካርታው፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የቀበሌው ዝርዝር ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

አገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ከኮንሶ ወደ ጂንካ ሲሄዱ ወይጦ ላይ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ አርቦሬን አቋርጦ ወደ ቱርሚ ይወርዳል። አስተዳደሩ በሐመር ወረዳ ሥር ነው። ሕዝቡ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 7,000 ገደማ ነበር፤ የሚኖረውም ጋንዳራብ፣ ኩላማ፣ ሙራሌና ኤጉዴ በሚባሉ መንደሮች ነው። ካሜራ አንግቶ የሚመጣ እንግዳ «ዘላኖች» ብሎ ይጽፋቸዋል፤ ተሳስቷል። መንደሮቹ ቋሚ ናቸው። የወይጦ ወንዝ ወደ ጨው ባሕር ከመድረሱ በፊት ሞልቶ ሲመለስ በተወው እርጥብ መሬት ላይ ማሽላ ይዘራሉ። የሚንቀሳቀሰው ከብቱ ነው፤ ወጣቱ ደግሞ ከብቱን ተከትሎ ፎራ፣ ማለትም ከመንደር ወደራቀው የከብት ሰፈር፣ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ሁለት አድራሻ አለው። እናትና ትንንሾቹ መንደር፣ ታላቁ ልጅ ፎራ። የእኛ ቅጽ የሚያውቀው የመንደሩን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። አዲስ ትምህርት ቤት ሲታሰብ የቦታ መረጣ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከቀበሌ፣ ከሀገር ሽማግሌዎች። መመዘኛው ሲነበብ ነውር የለበትም። ውሃ ቅርብ ነው ወይ? ጎረቤት ትምህርት ቤት ምን ያህል ይርቃል? ለትምህርት የደረሰ ልጅ ስንት አለ? ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ከማኅተሙ በፊት ግን ነገሩ አልቋል።

አንደኛ፣ መንገድ ይወስናል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ የጫነው አይሱዙ የሚደርስበት ቦታ ያሸንፋል። ሲመረቅም ባለሥልጣኑ ጫማው አቧራ ሳይነካው የሚያየው እሱን ነው። ሁለተኛ፣ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ይወስናል። እንጨቱን፣ ጉልበቱንና ጥሬ ገንዘቡን ቀድሞ ያዋጣ ቀበሌ ክፍሉን ቀድሞ ያገኛል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ድርቅ ከብቱን የፈጀበት ቀበሌስ ከየት አምጥቶ ያዋጣ? ሦስተኛው በሹክሹክታም ቢሆን ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። የግጦሽ ድንበር አጠገብ የተተከለ የብሎኬት ግድግዳ ለጎረቤት ሕዝብ ትምህርት ቤት ብቻ ሆኖ አይታየውም፤ «መሬቱ የእኛ ነው» የሚል ምልክት ሆኖ ይታየዋል። አርቦሬ ከሐመር፣ ከፀማይ፣ ከቦረና፣ ከዳሰነች ጋር ይዋሰናል። በ1985 ዓ.ም. የአካባቢው ሕዝቦች ለትልቁ የእርቅ ሥነ ሥርዓት የተሰባሰቡት እዚያው አርቦሬ ምድር ላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የመሬትን ነገር ከማንኛችንም በላይ ያውቁታል። ኮሚቴው ግን ጎረቤቱን አይጠራም፤ ጎረቤቱ የሌላ ቀበሌ፣ አንዳንዴም የሌላ ወረዳ ሰው ነዋ።

በዚህ ሁሉ መሃል መስመር ሳይሰመር ወሰኑ ተሰምሯል። መንገድ ዳር ያለና አቅም ያለው ውስጥ ነው፤ የራቀና የደኸየ ውጭ ነው።

ቀጥሎ መዝገቡ አለ። መስከረም ላይ የምዝገባ ንቅናቄ ይታወጃል፤ ቤት ለቤት ተዙሮ ስም ይጻፋል። ለትምህርት ቤቱ የሚመጣው ድጎማ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ስለሆነ አንዴ የተጻፈን ስም ለመሰረዝ እጁ የሚፈጥን ሰው የለም። ጥር ላይ ሣሩ ሲያልቅ ከብቱ ይርቃል፣ ልጁም አብሮ ይሄዳል፤ ስሙ ግን መዝገቡ ላይ ይከርማል። ዓመታዊው የትምህርት መረጃ ሲጠናቀር ቀበሌው «ተደራሽ» ከሚባሉት መሃል ይገባል። ያኔ ወላጆች «ፎራው ጋ አንድ ጣቢያ ክፈቱልን» ቢሉ፣ «የእናንተ ሽፋን ጥሩ ነው፤ የባሰባቸው አሉ» ይባላሉ። ማንም ቁጥር አልፈጠረም። የመስከረም ቁጥር ለጥር ጥያቄ መልስ ሆኖ ቀረበ እንጂ።

አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባለው የተጀመረው ይህን ለማቃናት ነበር። የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በሦስት ዓመት ይሸፍናል፤ ሰዓቱ እንደ አካባቢው ኑሮ ይለዋወጣል፤ የሚያስተምረውም ቋንቋውን የሚያውቅ የዚያው አገር ልጅ፣ አመቻቹ፣ ነው። ልጁ ወዳለበት የሄደ አሠራር ቢኖር ይህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ሲጨርስ ነው። ቀጣዩ ክፍል ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቤት የለውም።

የመምህሩን ቤት ነገር ደግሞ ስሙ። ከጋሞ፣ ከወላይታ ወይም ከአሪ ደጋ ወደ ቆላ የተመደበ ጀማሪ መምህር የበረሃ አበል ይታሰብለታል። አበል ጣሪያ አይሆንም። ንድፉ ላይ የመምህራን መኖሪያ ተስሏል፤ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር ቀድሞ የሚሰረዘውም እሱ ነው። ምክንያቱን እኔ ልንገራችሁ፤ «ይህን ያህል የመማሪያ ክፍል ተሠራ» የሚል ዓምድ ሪፖርቱ ላይ አለ፣ የመምህር ቤት ግን ዓምድ የለውም። ውጤቱን ለማየት ዓርብ ከሰዓት መንገድ ዳር መቆም ይበቃል። ቦርሳውን ያነገተ መምህር ወደ ከተማ የሚሄድ መኪና እጁን ዘርግቶ ይለምናል። ሰኞ ይደርሳል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ማክሰኞ ከመጣ ጎበዝ ነው። ልጁን ከከብት ነጥሎ የላከ አባት «ማን ያስተምረው ብዬ ልላከው?» ሲል የሚመልስለት አይገኝም። ሕንፃው አለ፣ ተማሪው አለ፣ ደሞዙ አለ፤ የጎደለው አንድ ክፍል ቤት ነው።

የነገሩ ሥር ያለው ግን ከተማ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት እርከኑ 6-2-4 ሆኗል፤ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ። አዲስ አበባ ላለ ልጅ ይህ የግቢ ለውጥ ነው። ለቆላው ልጅ ግን እያንዳንዱ ሽግግር አገር መልቀቅ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ቱርሚ፣ ወደ ዲመካ፣ ወይም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደምትርቀው ጂንካ። ለዚህ የታሰበው ሆስቴል ነበር። በዞኑ ለአርብቶ አደር ልጆች የተሠሩት ሆስቴሎች ለቁም ነገር ያበቋቸው ሰዎች ዛሬ በየቢሮው አሉ። አልጋው ግን ቁጥር አለው፤ ሲደለደልም ጥያቄው «ለየወረዳው ስንት?» የሚል ከሆነ፣ በሐመር ወረዳ ውስጥ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው አርቦሬ ስሙ ሳይነሳ ስብሰባው ይበተናል። ለሴት ልጅ ሲሆን ነገሩ ይጠብቃል። ብዙ ወላጅ ሴት ልጁን የሚለቃት ኃላፊነት የምትወስድ ሴት ያለችበት ሆስቴል ካለ ነው፤ የኪራይ ክፍል ከሆነ ጨዋታው አልቋል፣ ወደ ትዳር ትሸኛለች።

አልጋ ያጣ ወንድ ልጅ ክፍል ይከራያል። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ አንድ ፍራሽ ለሦስት፣ ጥግ ላይ የማሽላ ዱቄት የያዘ ማዳበሪያ። ዱቄቱ የሚመጣው በገበያ ቀን ነው። የቱርሚ ገበያ ሰኞ ነው፣ የቀይ አፈር ሐሙስ፣ የዲመካና የጂንካ ቅዳሜ። አንድ ርዕሰ መምህር የቱርሚ ተማሪ ሰኞ ሰኞ ለምን እንደሚቀር ግራ ቢገባው መልሱ ገበያው መሃል ነው፤ ልጁ ስንቅ የያዘችለትን እናቱን ሊቀበል ወርዷል። እኛ መቅረት ብለን እንመዘግበዋለን። ዲመካና ጂንካ ያለው ልጅ ገበያው ቅዳሜ ስለዋለለት ብቻ ጨዋ ተማሪ ይባላል።

ኪራዩስ? ጂንካ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጂንካ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆነች። ለከተማዋ እሰየው ነው። ግን ደሞዝተኛ ተከራይ በር ሲያንኳኳ፣ ዱቄት በማዳበሪያ ይዘው ለሚመጡ ሦስት ተማሪዎች ክፍሉን የሚያቆይ ባለቤት ስንት ይገኛል? ሁለቱ ውሳኔዎች ሲተላለፉ አንድ የአርቦሬ ልጅ 9ኛ ክፍል የት ይደር ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወሰኑ ግን ጠቦበታል። የቤት ጉዳይ የትምህርት ጉዳይ የሚሆነው እንዲህ በጓሮ በር ገብቶ ነው።

«የኪራይ አዋጅ ወጥቷል አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። ወጥቷል፤ አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። የሚጠብቀው ውል መፈረም የሚችለውን አዋቂ ነው። ለአሥር ወር በቃል የሚከራይ፣ መታወቂያ የሌለው የ15 ዓመት ልጅ የአዋጁን ደጃፍ አይረግጥም።

ይህ የቆላ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም መሥራት ከጀመረች ወዲህ ርካሹ ቤት የተገኘው ዳር ላይ ነው፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጨ። ቤቱ ቀደመ፣ ትምህርት ቤቱ ተከተለ፤ ስንቱ ልጅ በጨለማ ተነስቶ ሁለት ታክሲ እየያዘ ወደ ድሮ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ተመላልሷል። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ካዛንቺስ ሲፈርስም ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ሌሎች ዳር ሰፈሮች የተዛወረው የትምህርት ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። አሜሪካ ደግሞ ነገሩ የገንዘብ መልክ አለው። የትምህርት ቤቱ በጀት ጉልህ ክፍል ከአካባቢው የቤት ግብር ስለሚመጣ ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት መስመር ውስጥ ቤት ይወደዳል፤ ድሀው ከመስመሩ ውጭ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1974 የዲትሮይት ጉዳይ ሲቀርብለት ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለማቀላቀል ተብሎ የአጎራባች ትምህርት ወረዳዎችን ወሰን እንዲሁ መሻገር አይቻልም አለ። እዚያ መስመሩ ተጽፏል፤ ተከራክረው ሊያፈርሱት ይሞክራሉ። የእኛው አልተጻፈም፤ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ይግባኝ አይባልበትም።

እናም ምስጢሩን ካወጣሁ አይቀር አጠቃቀሙንም ልጨምር። በቀጣዩ ስብሰባ «አዲስ ትምህርት ቤት ልንሠራላችሁ ነው» ስትባሉ ወዲያው አታጨብጭቡ። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን ሦስት ነገር ጠይቁ። መምህሩ የት ያድራል? የሚጨርሰው ልጅ ቀጣዩን ክፍል የሚማርበት ከተማ ውስጥ ስንት አልጋ አለ፣ ከዚያ ውስጥ ለአርቦሬ ስንት፣ ለሴቶች ስንት? የጥር መዝገብ ከመስከረሙ ጎን ይቀመጥልን ይሆን? መልሱ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ያልሰፈረ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ዕቅዱ የሚዘጋውም ከዚያ በፊት። ግንቦት ላይ የጠየቀ መንደር መሰማትም መከራከርም ይችላል። ነሐሴ ላይ የሚጠይቅ በትሕትና ይመዘገብለታል፣ «ለሚቀጥለው ዓመት» ይባላል፣ ልጁም አንድ ዓመት ከብት ይዞ ይከርማል።